ስለ ክረምቱ ምሽት፦ ለስቶክሆልም ከተማ የባህል ቦርድና ለቴአትር ቤቶቿ ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ በስቶክሆልምና በዙሪያዋ ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች በሙሉ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላትና የቴአትር ቤት ኃላፊዎች፣

ጥያቄያችንን ከፊት እናስቀድም። በሚመጣው ክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት፣ የንግግር ቴአትር የምታሳዩ ቤቶች ከእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ አንድ ሁለት ምሽት በስዊድንኛ ጽሑፍ ታጅቦ እንዲቀርብ አድርጉ። ስዊድንኛ የሚማሩ ሰዎች የመጨረሻውን ልምምድ ገብተው እንዲያዩ ፍቀዱ። ማታ ሥራ ላይ ለሚያመሽ ሰው የቀን ትርኢት ጨምሩ። ትርኢቱ የሚያልቅበት ሰዓትና አርፍዶ የመጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ትኬቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈው የጉዳዩ እኩሌታ የእኛው የራሳችን ስለሆነ ነው፤ የስዊድንኛው ቅጂ ለየጽሕፈት ቤታችሁ ይደርሳል።

ስቶክሆልም ከምድር ወገብ 59 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ዲሴምበር 21 ቀን ፀሐይ የምትወጣው 8፡44 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ 14፡48 ገደማ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡44 እስከ ቀኑ 8፡48 መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ በላይ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትወጣ፣ ሕንፃ በበዛበት ሰፈር ቀኑን ሙሉ ላትታይ ትችላለች። ያም ሆኖ ሰውን ይበልጥ የሚሰብረው ዲሴምበር አይደለም፤ ኖቬምበር ነው። በዲሴምበር በየመስኮቱ የአድቬንት ኮከብና መብራት ይበራል፤ በረዶ ከጣለም መሬቱ ያለችውን ብርሃን መልሶ ይረጫል። በኖቬምበር ግን አስፋልቱ እርጥብና ጥቁር ነው፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ የሚያበራም ገና አልተሰቀለም። ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ ቤት መግባት፣ በር ዘግቶ ከስልክ ጋር ማምሸት የሚለመደው በዚያ ወር ነው፤ አንዴ ከተለመደ እስከ ኤፕሪል አይለቅም።

የእናንተ ሥራ የሚደምቀው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው። በጋ ላይ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት፣ ትልልቆቹ መድረኮች ይዘጋሉ፤ ፓርክቴአተርን የተባለው የመናፈሻ ቴአትር እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በየመናፈሻው በነጻ እየዞረ የሚያሳየውም ያኔ ነው። ይህ አሠራር ከተማዋ ካሏት መልካም ነገሮች አንዱ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን በበጋ ሰው ያለ ቴአትርም ከቤት ይወጣል። ለመውጣት ምክንያት የሚያስፈልገው በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ መግባቱ ይከብዳል፤ ትኬት፣ ቋንቋ፣ ሰዓትና የቤቱ ሥርዓት አንድ ላይ ይመጣሉ።

ወገናችን ቴአትር የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለትኬት ተሰልፎ ትውልድ ያደገበት ጥበብ ነው። ስለዚህ ፍላጎት እንዲፈጠርልን አንጠይቅም፤ ፍላጎቱ አለ። የጎደሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚስተካከሉ ናቸው።

ዋናው ጽሑፉ ነው። ኦፔራ ቤት የሚዘፈነው ነገር ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ይታያል፤ በንግግር ቴአትር ግን ይህ ብርቅ ነው። ሲኖርም ብዙ ጊዜ ለውጭ እንግዳ ታስቦ በእንግሊዝኛ ይቀርባል። እኛ የምንለምነው የስዊድንኛውን ጽሑፍ ነው። ምክንያቱም የኤስኤፍአይን (ለስደተኞች የሚሰጠውን የስዊድንኛ ትምህርት) ሲ ደረጃ ያለፈ ሰው ቀለል ያለ የጋዜጣ ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል፤ ተዋናዩ ሲናገር ግን ይጠፋበታል። በመጽሐፍ «ያግ» ተብሎ የተማረው መድረክ ላይ «ያ» ይሆናል፣ «ዴ» የተባለው «ዶም» ይሆናል፣ «ኖጎት» የነበረው «ኖት» ብሎ ያልፋል። ጆሮው የሰማውን ዓይኑ በዚያው ቅጽበት በዚያው ቋንቋ ካነበበ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ተመልካቹ ሁለት ባዕድ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ የተማረው በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በአረብኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ምንም አያግዘውም።

ወጪው የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ ጽሑፉ በእጃችሁ አለ። በመለማመጃው የተስተካከለው የመጨረሻ ቅጂ ለተዋናዮች ቃል አስታዋሹ ጋር ይገኛል። ሥራው እሱን መቆራረጥ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ያልበለጠ፣ በአንድ መስመር ከ40 ፊደል ያልዘለለ። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ጽሑፉ ከተዋናዩ ቀድሞ ሲወጣ ነው፤ አዳራሹ ቀልዱን አንብቦ ይስቃል፣ ተዋናዩ ገና አፉን አልከፈተም። ስለዚህ በሰዓት ተሞልቶ በራሱ የሚሄድ ጽሑፍ አይሠራም። ዝምታው በየምሽቱ ይለያያልና አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ መስመር በመስመር መልቀቅ አለበት፤ ይህም ሰው የመጨረሻዎቹን ልምምዶች ያየ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ሰሌዳው ከመድረኩ በጣም ወደ ላይ ከተሰቀለ የፊተኞቹ ረድፎች ወይ ጽሑፉን ወይ የተዋናዩን ፊት ነው የሚያዩት፤ ሁለቱን ማየት አይችሉም። ጽሑፍ ባለበት ምሽት የትኛው ወንበር ላይ ሁለቱም እንደሚታዩ ትኬት ሲሸጥ ይነገር።

የመጨረሻው ልምምድ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። አዳራሹ ይሞቃል፣ መብራቱ ይበራል፣ ተዋንያኑ ልብሳቸውን ለብሰው ሙሉውን ይጫወታሉ፤ ወንበሩ ግን ባብዛኛው ባዶ ነው። አንድ የቋንቋ ክፍል ከመምህሩ ጋር ቢገባ የሚጎዳ የለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው፤ ልምምዱ በቀን ከሆነ የማታ ተማሪ አይደርስም፣ በማታ ከሆነ ትምህርት ቀረ ተብሎ ይመዘገብበታል። ስለዚህ ከተማው በየሴሚስተሩ አንድ ቀን እንደ ትምህርት ቀን እንዲቆጥረው እንጠይቃለን። የተውኔቱ አጭር ይዘት፣ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝርና አንድ ትዕይንት ከሁለት ሳምንት በፊት ለመምህሩ ቢላክ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ስለ ሰዓት። ከእኛ ብዙው የሚሠራው በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በጽዳት፣ በአውቶቡስና በታክሲ ነው፤ የማታ ተራ የያዘ ሰው የ19፡00 ትርኢት ማየት አይችልም። ኩልቱርሁሴት ስታድስቴአተርን የተባለው የከተማዋ የባህል ቤትና ቴአትር በቀትር ከሾርባ ጋር የሚያሳየው አጭር ቴአትር እዚህ ላይ ጥሩ አብነት ነው፦ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ምሳው ትኬቱ ውስጥ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚገባ ሰው አይቶ ይደርሳል። ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለውን ብትሞክሩት ወንበሩ ባዶ አይቀርም። ደግሞም የሚያልቅበት ሰዓት። ትኬት ላይ መጀመሪያው ብቻ ሲጻፍ፣ ልጅ ለጎረቤት ትቶ የመጣ ሰው በሁለተኛው ክፍል ዓይኑ መድረክ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው።

ትኬት መግዛትን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። አዲስ የመጣ ሰው የግል ቁጥሩ (ለነዋሪ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) እስኪወጣና ባንክ እስኪከፍት ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ባንክ አይዲም (በስልክ ማንነት ማረጋገጫው) ስዊሽም (በስልክ መክፈያው) የለውም፤ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ የሚቀበለው ቦታ እየጠፋ ነው። አንድ ሰው ለሌሎች በአንድ ስም ሲገዛ፣ ማኅበር ሳይሆኑም በቡድን ዋጋ መግዛት ቢቻል ይህ በር ይከፈታል።

ወገኖቻችን፣ ከዚህ በታች ያለው ለእናንተ ነው። ኃላፊዎቹም ቢያነቡት አንወቅስም፤ በራቸው ላይ የሚቆም ሰው ምን እንደማያውቅ ከዚህ ያያሉ።

መጀመሪያ የምታዩትን ምረጡ። ድራማተን እ.ኤ.አ. በ1788 የተመሠረተ፣ ኒብሮፕላን ላይ ያለው ነጭ ሕንፃው በ1908 የተከፈተ የሀገሪቱ ትልቅ ቴአትር ነው፤ ግቡበት፣ ግን በጥንታዊው ስዊድናዊ ጸሐፌ ተውኔት በስትሪንድበሪ አትጀምሩ። ቋንቋው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ስዊድናውያኑም ጆሮ ሰጥተው ነው የሚሰሙት። ቋንቋ ገና ላልጠነከረ ሰው የሚሻለው በዳንሰንስ ሁስ የሚታየው ዳንስ ነው፤ ቀጥሎ ኦፔራ፣ ቀጥሎ የልጆች ቴአትር። የልጆች ቴአትር ስንል ለልጆች ብቻ ማለታችን አይደለም። አነጋገሩ ንጹሕና የተከፋፈለ ስለሆነ ለአዋቂ ተማሪ ከምንም በላይ ይጠቅማል። በስቶክሆልም ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በዘጠነኛው ሳምንት፣ ማለትም በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ባለው የእረፍት ሳምንት፣ የልጆች ትኬት ቶሎ ያልቃል፤ ከገና በፊት ግዙ። ድሮትኒንግሆልም ያለው እ.ኤ.አ. የ1766ቱ የቤተ መንግሥት ቴአትር ማሞቂያ ስለሌለው የበጋ ነው፤ በክረምት ፈልጋችሁት አትድከሙ።

ትኬቱን ስታነቡ ሰዓቱ በ24 ነው የሚጻፈው፤ 19፡00 ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ፓርኬት የወለሉ ወንበር ነው። «ፎሽታ ራደን» የሚለው የመጀመሪያው ሰገነት ነው እንጂ መድረክ ሥር ያለው ረድፍ አይደለም። ከላይ ያሉትና በዓምድ የሚጋረዱት ወንበሮች ይረክሳሉ፤ «ሺምድ ሲክት» የተባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የአዳራሹን ካርታ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ የሚሸፍነው የመድረኩን ጥግ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ግማሹን።

አለባበስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለመንገዱ ብቻ ለብሶ በመውጣቱ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ሊሆን ይችላል፤ አዳራሹ ግን ሞቃት ነው፣ ሰውም ሲሞላ ይበልጥ ይሞቃል። ከሱሪ ሥር ወፍራም ሙቀት ሰጪ ለብሳችሁ ሦስት ሰዓት ብትቀመጡ ታልባላችሁ፤ ብርዱ የሚይዛችሁ ከዚያ በኋላ፣ ላቡ ሳይደርቅ አውቶቡስ ስትጠብቁ ነው። ጥጥ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ እርጥበቱን ይዞ ገላ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከገላ ቀጥሎ ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ከላዩ የሚወልቅ ነገር፣ ከዚያ ረጅምና ወፍራም ካፖርት ይሁን፤ የሙቀቱ ትልቁ ድርሻ በር ላይ የምታስቀምጡት ካፖርት ላይ መሆን አለበት። አዳራሽ ውስጥ ነጠላ ደርቦ መቀመጥ ማንንም አያስገርምም፤ ሰገነት ላይ ነፋስ ለሚሰማት ሴት በጣም ይረዳል። የክት ልብስ ግዴታ አይደለም፤ በጅንስም ይገባል።

ካፖርት ይዞ አዳራሽ መግባት አይፈቀድም ማለት ይቻላል። ኮሪደሩን ስለሚያጣብብ ለእሳት አደጋ ያሰጋል፤ ከጀርባ ለተቀመጠም ሰው ይከልላል። ማስቀመጫው አንዳንድ ቦታ በነጻ፣ አንዳንድ ቦታ በጥቂት ክሮነር ነው፤ ካርድ ያዙ። ጓንቱን በካፖርቱ ኪስ ሳይሆን ኮፍያውንና ስካርፉን ጨምራችሁ አንዱ እጅጌ ውስጥ ግፉት፤ ከኪስ የወደቀ ጓንት በመቶ ካፖርት ሥር አይገኝም። ከዚያው ቡትስ አውልቃችሁ በከረጢት የያዛችሁትን ጫማ አጥልቁ፤ ስዊድናውያንም ያደርጉታል። ከጫማ ሥር የሚታሰረውን የበረዶ ሹል ከመግቢያው ውጭ ፍቱት፤ መንገድ ላይ የሚያቆማችሁ ብረት በእብነ በረድ ወለል ላይ ያንሸራትታል። የጨው ነጭ እድፍ ቆዳ ጫማ ላይ ከቀረ፣ እኩል ውኃና ነጭ ኮምጣጤ ቀላቅላችሁ በጨርቅ አጽዱት፤ ካደረ ቆዳውን ይሰነጥቃል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከባዱ ቀን በጣም የበረደው ቀን አይደለም። የሚሰብረው ሙቀቱ ዜሮን ወዲያና ወዲህ የሚሻገርበት ቀን ነው፤ ቀን የቀለጠው ውኃ እናንተ አዳራሽ ውስጥ ሳላችሁ መስታወት ይሆናል። ስትመጡ ደህና የነበረ የእግር መንገድ ስትመለሱ ደህና ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ጠጠር የተበተነበትን ፈልጉ። ከጣሪያ የሚወርድ በረዶ ማስጠንቀቂያ ከተተከለበት ግድግዳ ራቁ። ከሪንከቢና ከቴንስታ፣ ከሁስቢና ከአካላ ለምትመጡ የቱነልባናው (የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር) ሰማያዊው መስመር ያለ ቅያሪ ኩንግስትሬድጎርደን ጣቢያ ያደርሳል፤ ኦፔራው እዚያው አጠገብ ነው፣ ድራማተንም በእግር ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ኩልቱርሁሴት ከዋናው ጣቢያ ከቴ ሴንትራለን ወጥቶ ሰርጌልስ ቶሪ አደባባይ ላይ ነው፤ በውርጭ ቀን እሱን ምረጡ። ነጠላው የትራንስፖርት ትኬት የሚሠራው 75 ደቂቃ ነው፤ ለመመለሻ ሌላ ያስፈልጋል። አርብና ቅዳሜ ሌሊት ቱነልባናው አይቋረጥም።

የስልክ ነገር አይረሳ። ትኬቱ ስልክ ላይ ነው፤ ባትሪ ደግሞ በውርጭ ይወድቃል፣ 30 በመቶ ያሳየ ስልክ በር ላይ ድንገት ይጠፋል። ከገላ በቀረበ የውስጥ ኪስ ያዙት፣ ወይም ትኬቱን በወረቀት አትሙት። አዳራሽ ከገባችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ድምፁ ባይጮህ ብርሃኑ ከሰገነት ይታያል።

ከመጀመሪያው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በሩ ሲዘጋ ተዘጋ ነው፤ አርፍዶ የመጣ ሰው ምናልባት በእረፍት ሰዓት ይገባ ይሆናል፣ እረፍት የሌለው ሥራ ከሆነ አይገባም፣ ገንዘቡም አይመለስም። በተቀመጡ ሰዎች ፊት ስታልፉ ፊታችሁን ወደ እነሱ አድርጋችሁ እለፉ፤ እዚህ ጀርባ መስጠት ነው ነውሩ። በእረፍቱ የሚበላውን ከመጀመሩ በፊት አዝዛችሁ ከከፈላችሁ ስማችሁ የተጻፈበት ወረቀት ከሳንድዊቹና ከቡናው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃችኋል፤ ካላዘዛችሁ 20 ደቂቃው በሰልፍ ያልቃል። የነቢያት ጾም ከኖቬምበር 24 ገደማ እስከ ጃንዋሪ 6 የሚውለው በዚሁ ወቅት ነውና «ቪጋንስክ» ብላችሁ እዘዙ፤ «ቬጌታሪስክ» ካላችሁ አይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ለሙስሊም ወገኖቻችን፣ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው በክረምቱ መጨረሻ ስለሆነ ጀምበር ከ19፡00 በፊት ትጠልቃለች፤ አፍጥሮ መድረስ ይቻላል።

ቴአትር የቀን ብርሃን አይተካም። እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን ውጡ። ከኦክቶበር እስከ ማርች እዚህ ያለው ፀሐይ ለዲ ቫይታሚን ስለማይበቃ የእንክብሉን ነገር ከጤና ጣቢያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጠብታቸው አይቋረጥ። ምሽቱን ግን ለቤት ብቻ አትስጡት። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ተውኔት ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ፣ አንብቡት፣ ከዚያ ሄዳችሁ እዩት፤ ከትርኢቱ በኋላ ባቡር ላይ የምትከራከሩበት ስዊድንኛ ክፍል ውስጥ ከተማራችሁት ይበልጣል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የመኸሩ ፕሮግራማችሁ የሚወሰነው በጸደይ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ መልሳችሁ ከኤፕሪል መጨረሻ በፊት ቢደርሰን፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ምሽት ጽሑፍ እንደሚኖረው ለቋንቋ ትምህርት ቤቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች እኛው እናሳውቃለን። ጽሑፉን በመቆራረጥም ሆነ በልምምድ ላይ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ በማየት የሚያግዝ ሰው ብትፈልጉ ከመካከላችን አለ፤ ለመጀመሪያው ወቅት ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣

በስቶክሆልም የምንኖር፣ በአስተርጓሚነት፣ በቋንቋ መምህርነትና በቴአትር ቤት ሥራ ላይ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች